ከደብረ ማርቆስ ሆኖ አዲስ አበባ ቤት መከራየት፦ ደላላው «ዛሬ ካላስገባችሁ» ይላል

የማርቆስ_ልጅ
ነሐሴ 25፣ ጠዋት 2:10

ሰላም ለሁላችሁ። ጉዳዩ የእህቴ ነው። ሜክሲኮ አካባቢ ሥራ አግኝታ መስከረም 5 ግቢ ተብላለች። ጳጉሜን ተጨምሮ 15 ቀን ነው የቀረው። ሄዶ ቤት ፈልጎ፣ ተመልሶ ዕቃ ጭኖ፣ እንደገና መሄድ 300 ኪሎ ሜትሩን ሦስት ጊዜ መመላለስ ነው። መንገዱም እንደምታውቁት አንድ ቀን ክፍት አንድ ቀን ዝግ ነው። ስለዚህ ከዚሁ ከማርቆስ ሆነን ልንጨርሰው አስበናል።

አንድ ደላላ የጀሞ ኮንዶሚኒየም ስቱዲዮ ነው ብሎ በቴሌግራም ፎቶ ልኳል። በወር 12,000 ብር፣ የ3 ወር ቅድሚያ። «ዛሬ ካላስገባችሁ ማታ ሌላ ሰው ይገባበታል» ይላል። ፎቶው ያምራል። ምን ምን እናጣራ? ገንዘቡስ እንዴት ይላክ?

ዘቢቸና
ነሐሴ 25፣ ጠዋት 2:31

አይከፈል። የ3 ወሩ ጥያቄ ራሱ ከሕግ ውጭ ነው። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ከ2 ወር ኪራይ በላይ ቅድሚያ ማስከፈልን ይከለክላል። ውሉ በጽሑፍ ይሆናል፣ ከ2 ዓመት አያንስም፣ በ30 ቀን ውስጥ ይመዘገባል፣ ኪራዩም በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ መንገድ ይከፈላል። ይህን ለደላላው በአንድ መስመር ጻፉለት። እውነተኛ ቤት ያለው ሰው «እሺ 2 ወር ይሁን» ይላል፣ ወይም ስለ ዋጋው ይከራከራል። ቤት የሌለው ግን ወይ ይሳደባል ወይ ይጠፋል። ይህ ብቻውን ግማሽ ማጣሪያ ነው።

አንድ_ለእናቱ
ነሐሴ 25፣ ጠዋት 2:40

ፎቶውን መጀመሪያ በጎግል የምስል ፍለጋ አስገቡት። ያው ሳሎን ሰሚትም አያትም «ይከራያል» ተብሎ ካገኛችሁት ቀሪውን መጠየቅ አያስፈልግም።

ዘቢቸና
ነሐሴ 25፣ ጠዋት 3:05

ሰነዱን ልቀጥል። ከሩቅ ሆኖ አጥርቶ መጨረስ የሚቻለው የወረቀቱን ጉዳይ ነውና እሱ ላይ አትሳሱ።

ከአከራዩ የሚጠየቀው ሁለት ነገር ነው፦ መታወቂያውና ቤቱ የእሱ መሆኑን የሚያሳየው ወረቀት። ግለሰብ የሠራው ቤት ከሆነ የይዞታ ማረጋገጫ ካርታ ነው። ኮንዶሚኒየም ከሆነ ባለቤቱ የባንክ ዕዳውን ገና እየከፈለ ሊሆን ስለሚችል የሽያጭ ውሉ ወይም የቁልፍ ርክክቡ ወረቀት ይበቃል። እዚያ ላይ የብሎክና የቤት ቁጥር ይኖራል። ያንን ቁጥር ጻፉትና በኋላ በቪዲዮ በሩ ላይ ካለው ጋር አስተያዩት።

ዋናው ነገር ስም ነው። በመታወቂያው፣ በቤቱ ወረቀትና በባንክ ሂሳቡ ላይ ያለው ስም አንድ ይሁን፣ እስከ አያት ድረስ። የንግድ ባንክ መተግበሪያም ሆነ ቴሌብር ገንዘቡ ከመላኩ በፊት የተቀባዩን ስም ያሳያል። እዚያ ላይ ቆሙና አንብቡ። የደላላው ስም፣ «የወንድሜ ሂሳብ ነው» የተባለ ስም፣ የሱቅ ስም ከመጣ ወደ ኋላ ተመለሱ። ባለቤቱ የራሱን የሂሳብ ቁጥር መስጠት ይችላል።

በክፍያው ምክንያት ቦታ ላይ «ቀብድ፣ ጀሞ፣ ብሎክ ይህን ያህል፣ ቤት ቁጥር ይህን ያህል» ብላችሁ ሙሉ ጻፉ። ባዶ የተላከ ገንዘብ በኋላ «ብድር ነበር» ይባላል።

መታወቂያ እናንተም መላክ ይኖርባችኋል። ስትልኩ ምስሉ ላይ «ለቤት ኪራይ ውል ብቻ» ብላችሁና ቀኑን ጨምራችሁ ጻፉበት። በስልክ የሚመጣ የማረጋገጫ ቁጥር ግን ለማንም አይሰጥም፣ ቤት ለማከራየት የሚያስፈልግ አይደለም።

የማርቆስ_ልጅ
ነሐሴ 25፣ ጠዋት 3:22

እግዜር ይስጥልን። ቀብድ ስንት ይሁን? ምንም ሳናስይዝ አከራዩ እንደማይጠብቀን ግልጽ ነው።

ዘቢቸና
ነሐሴ 25፣ ጠዋት 3:37

ብትቀሩ የማያስለቅሳችሁን ያህል። ለ12,000 ብር ቤት ከ1,000 እስከ 2,000 ብር።

ቀብድ በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ የራሱ ቦታ አለው (ከቁጥር 1883 እስከ 1885)። የሰጠው ሰው ሐሳቡን ከለወጠ ቀብዱን ያጣል፣ የተቀበለው ከለወጠ ደግሞ እጥፉን ይመልሳል። ግን ቀብድ መሆኑ መታወቅ አለበት። ከመክፈላችሁ በፊት እንዲህ ያለ መልእክት ለባለቤቱ ላኩና «ተስማምቻለሁ» የሚል መልስ ጠብቁ፦ «ለዚህ ቤት፣ በወር ይህን ያህል ብር ኪራይ፣ እስከዚህ ቀን ድረስ ለሌላ እንዳይከራይ ቀብድ ይህን ያህል እከፍላለሁ። ቤቱ በአካል ሲታይ በቪዲዮ ከታየው ጋር ካልተስማማ ቀብዱ ይመለሳል። ከተስማማ ከመጀመሪያው ወር ኪራይ ይታሰባል።» «ካልተስማማ ይመለሳል» የሚለውን እንዳትረሱ፣ እሱ ከሌለ ቤቱን አይታ እምቢ ብትል ከሳሪዋ እህትህ ናት።

ጮቄ
ነሐሴ 25፣ ጠዋት 4:15

ቪዲዮው የተቀረጸ አይሁን። የተላከ ቪዲዮ ፎቶ ነው። በቀጥታ ጥሪ ይሁን፣ በኢሞም በዋትስአፕም፣ እንዲህ በቅደም ተከተል፦

ከግቢው ውጭ ከአስፋልቱ ይጀምር። የታክሲ ማውረጃው፣ የግቢው በር፣ የብሎኩ ቁጥር፣ ደረጃው፣ የቤቱ ቁጥር፣ ቁልፉ ሲከፈት። ካሜራው መሐል ላይ ሳይቋረጥ። የሚያጭበረብር ሰው ቤት ውስጥ ያለ ቪዲዮ ሊያገኝ ይችላል፤ ከመንገድ እስከ ጓዳ ያለማቋረጥ ሊያሳይ ግን ቁልፍ ያስፈልገዋል። (ቁልፍ መያዝ ደግሞ ባለቤት መሆን አይደለም፣ አንድ ወር ተከራይቶ ቤቱን ለአምስት ሰው «የሚያከራይ» አለ። ለዚህ ነው ዘቢቸና ስለ ስም ያለው የሚቀድመው።)

ውስጥ ሲገባ ቧንቧው ይከፈትና ሁለት ደቂቃ ይፍሰስ። የሽንት ቤቱ ውኃ ይለቀቅ፣ ተመልሶ ሲሞላም ይታይ። የስልክ ቻርጀር በየሶኬቱ ይሰካ። ከዚያ ጣሪያው፣ በተለይ ማዕዘኖቹና የመስኮቱ ጎን። ነሐሴ መሆኑ ጠቅሟችኋል፣ ክረምት የቤት ፈታኝ ነው፤ የሚያፈስ ጣሪያ ዛሬ ቢጫ ክብ ይዞ ይታያል፣ በታኅሣሥ ቀለም ይቀባና ይደበቃል። አዲስ የተቀባ አንድ ማዕዘን ብቻ ካያችሁ እሱኑ ጠይቁ።

መጨረሻ ላይ መስኮቱ ይከፈትና ሁሉም ዝም ይበል፣ አንድ ደቂቃ። ከታች መጠጥ ቤት ወይም የብረታ ብረት ሥራ ካለ ይሰማል። ይህን አንድ ጊዜ በቀን፣ አንድ ጊዜ ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ።

ኤሌክትሪክ_ፍኖተሰላም
ነሐሴ 25፣ ጠዋት 5:02

ስለ መብራት ልጨምር። ቪዲዮው ላይ ቆጣሪው፣ የብሬከር ሳጥኑና የምጣዱ ሶኬት ይታዩ።

ቆጣሪው የካርድ ከሆነ ቀሪ ሂሳቡ ይነበብ። የድሮው ዓይነት ከሆነ ቁጥሩ ይመዝገብ፣ የመጨረሻው ወር የተከፈለበት ደረሰኝም ይታይ። ዕዳ የሚከተለው ቆጣሪውን ነው፤ የሚቆረጠው እሷ ገብታ ከተቀመጠች በኋላ ነው።

የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 እስከ 4 ኪሎ ዋት ይስባል። 16 አምፔር ብሬከር በ220 ቮልት የሚሸከመው 3.5 ኪሎ ዋት ገደማ ነው። ስለዚህ በ16 አምፔር ላይ ትልቅ ምጣድ ሲሠራ ብሬከሩ ሊወርድ ይችላል። አንዳንዱ ብሬከሩን ብቻ በትልቅ ይለውጠዋል፣ ይህ ከሁሉ የከፋው ነው፤ ብሬከሩ ዝም ሲል ግድግዳው ውስጥ ያለው ቀጭን ሽቦ ይግላል። ለምጣድ የራሱ መስመር ቢኖር ይመረጣል፦ 4 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ፣ 25 አምፔር ብሬከር። ከሌለ ምጣዱን ማርቆስ ትታችሁ እንጀራ መግዛት ነው። ከአንዳንድ አከራይ ጋር ደግሞ «ምጣድ አይፈቀድም» የሚል ክርክር አለ፣ ከቀብዱ በፊት ይጠየቅ።

ቆጣሪው የጋራ ከሆነ የሚከተለውን አስሉ። የመብራት ዋጋ በእርከን ነው፦ እስከ 50 ኪሎ ዋት ሰዓት፣ እስከ 100፣ እስከ 200፣ እያለ ይወጣል፣ ከፍ ባለ ቁጥር የአንዱ ዋጋ ይጨምራል። ብቻዋን 80 ብትጠቀም 2ኛው እርከን ላይ ናት። አራት ቤት በአንድ ቆጣሪ 80፣ 80 ሲጠቀም 320 ይሆንና ቆጣሪው 5ኛው እርከን ይደርሳል። «ለአራት እንካፈላለን» ሲባል ፍትሐዊ ይመስላል፤ ግን ትንሽ የምትጠቀመው የትልቁን ዋጋ ነው የምትከፍለው። የራሱ ቆጣሪ ያለው ቤት ጥቂት መቶ ብር ቢወደድም ይሻላል።

ወ/ሮ_ደጀን
ነሐሴ 25፣ ቀን 7:20

ስለ ውኃ ማንም አላነሳም እኮ! ስንተኛ ፎቅ ነው? ጂ+4 ኮንዶሚኒየም ሊፍት የለውም፣ ግፊቱ ሲቀንስም ውኃው ላይኛው ፎቅ ሳይደርስ ይቀራል። ውኃ በፈረቃ ነው። ጥያቄው «ውኃ አለ ወይ» አይደለም፤ «በሳምንት በየትኛው ቀን ይመጣል፣ ስንት ሰዓት ይቆያል፣ ሮቶ አለ ወይ፣ ሮቶው የማነው» ነው። ለብቻዋ የምትኖር ሴት በቁጠባ በቀን 50 ሊትር ትጠቀማለች። ውኃው በ5 ቀን አንዴ ቢመጣ 250 ሊትር ማጠራቀም አለባት፤ ይህ በ20 ሊትር ጀሪካን 13 ገደማ ነው። 13 ጀሪካን በስቱዲዮ ውስጥ የት እንደሚቆም አስቡት። አንድ 200 ሊትር በርሜልና ሦስት ጀሪካን ይቀላል።

ይህን ደላላው ሳይሆን ጎረቤት ይመልሰው። በቪዲዮው ላይ የአጠገቧን በር ያንኳኩላችሁና እናንተው ጠይቁ።

አንድ_ለእናቱ
ነሐሴ 25፣ ቀን 8:11

በእኔ አስተያየት ይህ ሁሉ ድካም ከንቱ ነው። አንድ ሳምንት ፔንሲዮን ተኝታ በእግሯ ትፈልግ። የቸኮለ አፍስሶ ለቀመ።

ጮቄ
ነሐሴ 25፣ ቀን 8:46

ወንድማለም፣ ፔንሲዮኑስ ነጻ ነው? ደግሞ መስከረም 5 ሥራ የጀመረች ልጅ ቤት የምትፈልገው ማታና እሑድ ብቻ ነው። ማታ የታየ ቤት ደግሞ ያልታየ ቤት ነው።

ሁለቱን ማጣመር ይቻላል። ከማርቆስ ሆነው ሁለት ወይም ሦስት ቤት ያጣሩ፣ ለአንዱ ትንሽ ቀብድ ያስይዙ። እሷ ጳጉሜን 2 በሻንጣ ብቻ ትሂድ፣ ሁለት ሌሊት ዘመድ ቤት ወይም ፔንሲዮን ትደር። ጳጉሜን 3 ቤቱን ትይ፣ ባለቤቱን በአካል አግኝታ ትፈርም፣ ቀሪውን እዚያው ቆማ በስልኳ ትክፈል፣ ቁልፍ ትረከብ። የቁልፉን ሲሊንደር በዚያው ቀን ታስለውጥ፣ ርካሽ ነው፣ ከእሷ በፊት ስንት ሰው ቁልፍ እንዳስቀረጸ አይታወቅም። ዕቃው ከመስከረም 2 በኋላ ይጫን። የእንቁጣጣሽ ሰሞን መኪናም ሰውም ይወደዳል፣ በበዓሉ ዕለት ደግሞ ባንክም ወረዳም ዝግ ነው።

አዲስ አበባ ላይ የአገር ልጅ የሌለው ጎጃሜ የለም። አንድ ሰው ቀድሞ ሄዶ ይይላችሁ። ግን «ቤቱን እይልን» ብላችሁ አትላኩት፣ «ጥሩ ነው» ብሎ ይመለሳል። ከላይ የተጻፈውን ጥያቄ በወረቀት ስጡት። የግቢውን ጥበቃና የብሎኩን ኮሚቴ ይጠይቅ፦ የዚህ ቤት ባለቤት ማነው? የሚሰጡት ስም ከወረቀቱ ጋር ካልገጠመ ነገሩ አለቀ።

የማርቆስ_ልጅ
ነሐሴ 26፣ ጠዋት 1:50

ዘቢቸና፣ አንቱ እንዳሉት ትናንት የ2 ወሩን ሕግ ጻፍንለት፣ ያ ደላላ አልመለሰም። ቴሌግራሙንም ዘግቶታል።

ሌላ ቤት ተገኝቷል፣ እዚያው ጀሞ፣ 2ኛ ፎቅ። የቤቱ ባለቤት ሴትዮ አሜሪካ ናቸው፣ የሚያከራየው የእህታቸው ልጅ ነው። ውክልና አለኝ ብሎ ፎቶ ልኳል። ኪራዩ 11,000፣ ውሉ ላይ ግን 6,000 ተብሎ ይጻፍ ይላል፣ ለግብር። ይህስ?

ዘቢቸና
ነሐሴ 26፣ ጠዋት 2:25

ሁለት የተለያዩ ጉዳዮች ናቸው።

ውክልናው፦ ውጭ አገር የተሰጠ ውክልና የኤምባሲ ወይም የቆንስላ ማኅተም፣ የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ማረጋገጫና የሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ አገልግሎት ማኅተም ይኖረዋል። የመዝገብ ቁጥሩን ያዙ። ልዩ ውክልና ባይሆንም ግድ የለም፣ በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2204 ጠቅላላ ውክልና ያለው ሰው እስከ 3 ዓመት ድረስ ማከራየት ይችላል፣ የ2 ዓመት ውል ከዚያ በታች ነው። ሊበላሽ የሚችለው ግን ውክልናው የተሻረ እንደሆነ ወይም ሰጪዋ በሕይወት የሌሉ እንደሆነ ነው። ስለዚህ ባለቤቷ ራሳቸው በቪዲዮ ለአንድ ደቂቃ ይቅረቡ፣ መታወቂያቸውን ይዘው፣ «ቤቱን እሱ ያከራይልኝ» ይበሉ። ገንዘቡ የሚገባበት የተወካዩ ሂሳብ ከሆነም ውክልናው ውስጥ «ኪራይ ይሰብስብ» የሚል መኖሩን አንብቡ።

የ6,000 ብሩ ነገር፦ አትፈርሙ። ለአከራዩ የግብር ጉዳይ ነው፣ ለእህትህ ግን የማስረጃ ጉዳይ ነው። ውሉ 6,000 እያለ በባንክ 11,000 ስትልክ በየወሩ 5,000 ብር ስሙ የማይታወቅ ገንዘብ ይሆናል። ትርፉን በእጅ ስጪ ካሏት ደግሞ ጭራሽ አልከፈለችም ማለት ነው። ቅድሚያ የከፈለችው 22,000 ከሆነና ውሉ 12,000 ካለ፣ ስትወጣ መከራከሪያ የሚኖራት ለ12,000ው ነው። አከራዩ ካልተስማማ ኪራዩ 11,500 ሆኖ እውነተኛው ይጻፍ ማለት ይቻላል፣ 500 ብር ለእንቅልፍ ውድ አይደለም።

አባይ_በረሃ
ነሐሴ 26፣ ጠዋት 3:00

ሥራው ሜክሲኮ ከሆነ ጀሞ አይከፋም፣ ቀጥታ ታክሲ አለ። መካኒሳና ለቡም በዚያው አቅጣጫ ናቸው። አያት በኩል ከሆነ ባቡሩ ሜክሲኮን ያልፋል። ኮዬ ፈጬ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ የካ አባዶ፣ ቦሌ አራብሳ ቤቱ ርካሽ የሚሆነው በምክንያት ነው፤ ልዩነቱ በታክሲና በእንቅልፍ ይወጣል። ደላላ «20 ደቂቃ ነው» ሲላችሁ እሑድ ጠዋት ማለቱ ነው። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ሰልፉን በቪዲዮ ያሳያችሁ።

ጭነት_ቡሬ
ነሐሴ 26፣ ጠዋት 4:40

ስለ ዕቃው። ለአንድ ስቱዲዮ ሙሉ አይሱዙ አትከራዩ። ወደ አዲስ አበባ እህል የሚጭን መኪና ላይ የቀረ ቦታ ይገኛል፣ ፍራሽ፣ በርሜል፣ የወጥ ቤት ዕቃና አንድ ጆንያ ጤፍ ለዚያ ይበቃል። ሶፋና ቁም ሳጥን ተዉት፣ በጠባብ ደረጃ 2ኛ ፎቅ ሲወጣ የሚሰበረው እሱ ነው።

ከጎጃም የሚመጣ መኪና በሱሉልታ አድርጎ አዲሱ ገበያ ይገባል፣ ጀሞ ደግሞ ከተማውን ተሻግሮ ማዶ ነው። የጭነት መኪና በቀን እንዳይገባ የሚከለከልባቸው ሰዓቶችና መንገዶች ስላሉ «በር ድረስ» የሚለው ከሾፌሩ ጋር አስቀድሞ ይነገር። አለበለዚያ አዲሱ ገበያ አራግፎ ይሄዳል፣ ሌላ መኪና መከራየት ሊመጣ ነው።

ጫኝና አውራጅ ግቢው በር ላይ ይጠብቃችኋል። ዕቃው ከወረደ በኋላ የሚጠየቀው ዋጋና ከመውረዱ በፊት የሚጠየቀው አንድ አይደለም። ዋጋው በፎቅ ተቆጥሮ ሙሉው ይነገር፣ ከዚያ የመኪናው በር ይከፈት። ጥበቃው ጋ የሚገባው ዕቃ ዝርዝር ይመዝገብ፣ ስትለቅ ያለ መውጫ ወረቀት ዕቃ አያሳልፉም።

የማርቆስ_ልጅ
ነሐሴ 27፣ ማታ 1:15

የእህታቸው ልጅ 11,500 ተስማማ፣ ሙሉው ይጻፋል። ባለቤቷም በቪዲዮ ቀርበዋል። ምዝገባው የት ነው? ውሉ ውስጥስ ከኪራዩ ሌላ ምን ይግባ?

ዘቢቸና
ነሐሴ 27፣ ማታ 1:58

ቤቱ ባለበት ወረዳ፣ የቤቶች ጽሕፈት ቤት። ሁለቱም መታወቂያ ይዘው፣ እሱ ዋናውን ውክልና ይዞ። 30 ቀን አላችሁና ከበዓሉ በኋላ ይደርሳል፣ ግን «በኋላ እንመዘገባለን» እያለ ቀኑ እንዳያልፍባት።

ውሉ ውስጥ፦ የብሎክና የቤት ቁጥር፣ የኪራዩ መጠንና የሚከፈልበት ቀን፣ የሚገባበት ሂሳብ ቁጥር፣ የተከፈለው ቅድሚያ ለየትኞቹ ወሮች እንደሆነ በስም (መስከረምና ጥቅምት ብላችሁ)፣ በመግቢያ ዕለት የቆጣሪው ንባብ፣ የጋራ መብራት፣ የጥበቃና የጽዳት መዋጮ የማን እንደሆነ፣ ለመልቀቅ ስንት ቀን አስቀድሞ እንደሚነገር፣ ቧንቧና ሽቦ ሲበላሽ ማን እንደሚያሠራ። ከቤቱ ጋር የሚረከቡ ነገሮች ዝርዝር፣ የተሰነጠቀ መስታወት ካለም «የተሰነጠቀ» ተብሎ። በዚያው ዕለት የእያንዳንዱን ግድግዳ ፎቶ አንስታ ለእሱ በቴሌግራም ትላክለት፣ ቀኑ እዚያው ላይ ይቀራል።

ቀበሌዋ መሸኛ ይጻፍላት ዘንድም ከመሄዷ በፊት ጠይቁ። አለበለዚያ ለነዋሪነት መታወቂያ መሸኛ ፍለጋ እንደገና ማርቆስ ድረስ መመለስ ይመጣል።

ወ/ሮ_ደጀን
ነሐሴ 27፣ ማታ 2:20

የውኃውን ቀን ጠየቃችሁ?

የማርቆስ_ልጅ
ነሐሴ 27፣ ማታ 2:26

ጠይቀናል እትዬ። ጎረቤቷ ማክሰኞና ዓርብ ሌሊት ነው ብለዋል። በርሜሉ ዝርዝር ውስጥ ገብቷል።